ኑድሉ ላይ ሰም የለም

በየስልካችን የሚዞረው መልእክት ፈጣን ኑድል እርስ በርሱ እንዳይጣበቅ በሰም ይቀባል፣ ሰሙም ሆድ ውስጥ ቀናት ይቆያል ይላል። የምግብ ኬሚስትሪ የተማረ ሰው ይህን አንብቦ ዝም ማለት አይገባውም። ሐሰት ነው። ለማስረጃ የሚቀርበው ነጭ ሽፋን፣ መረቁ ሲቀዘቅዝ የሚረጋ ዘይት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የፓልም ዘይት። የበግ ወጥ ሲያድር ሞራው ላዩ ላይ ይረጋ የለ? ያው ነው።

ዘይቱ ከየት መጣ? ዘመድ ያመጣልኝን የጃፓን ኑድል ሰሞኑን ቤቴ ቀቅዬ ስለነበር በእሱ ላስረዳ። (እዚህ ሁሉንም «ኢንዶሚ» እንላለን፤ ኢንዶሚ ግን የአንድ የኢንዶኔዥያ ምርት ስም ነው። ስለዚህ «ኑድል» እላለሁ።)

የፈጣን ኑድል ፈልሳፊ የሚባለው ሞሞፉኩ አንዶ እ.ኤ.አ. በ1958 በጃፓኗ ኢኬዳ ከተማ ለገበያ ያበቃው ዘዴ ሁለት እርምጃ አለው። ኑድሉ መጀመሪያ በእንፋሎት ይበስላል፤ በዱቄቱ ውስጥ ያለው ስታርች ውሃ ጠጥቶ እንደ ገንፎ ያብጣል። (በሙያው ጄላቲናይዜሽን ይባላል፤ ከእንስሳ አጥንት ከሚወጣው ጄላቲን ጋር ግን ዝምድና የለውም።) ቀጥሎ 150 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ በጋለ ዘይት ውስጥ ለአንድ ወይም ለሁለት ደቂቃ ይጠልቃል። ውስጡ ያለው ውሃ በቅጽበት ይፈላና እንፋሎት ሆኖ ሊጡን እየበሳ ይወጣል። ምጣድ ላይ ያለ እንጀራም ዐይን የሚያወጣው ጋዝ ሊጡን እየበሳ ሲወጣ ነው። ሊጡ ሲደርቅ ቀዳዳዎቹ እንደተከፈቱ ይቀራሉ። እንጀራ ወጥ የሚጠጣው በዐይኑ ነው፤ ኑድልም የፈላ ውሃ የሚጠጣው በእነዚህ ነው፤ ሦስት ደቂቃ የሚበቃውም ለዚህ ነው። ዘይቱም ያለው እዚያው ቀዳዳ ውስጥ ሲሆን ከኑድሉ ክብደት ከ15 እስከ 20 በመቶ ይደርሳል።

ዘይቱ የሚገባው መቼ ነው የሚለው ግን እኛን የምግብ ኬሚስቶችንም ያከራክረናል። እንፋሎቱ ወደ ውጭ እየገፋ ሳለ ዘይት ሊገባ ይቸገራል፤ ስለዚህ አብዛኛው የሚገባው ከመጥበሻው ከወጣ በኋላ፣ ውስጡ የቀረው እንፋሎት ቀዝቅዞ ሲስበው ነው የሚለው ሐሳብ ያሳምነኛል። ሐሳቡ የተጠናው በብዛት በድንች ጥብስ ላይ ነው። ኑድል ቀጭን ነው፣ የሊጡ እርጥበትም ይለያያል፤ ስለዚህ እንዳለ መገልበጥ አይቻልም።

ከሞከርኳቸው አንዱ በኪዩሹ ደሴት የሚወደደው «ኡማካቻን» ነው፤ የተጠበሰ ነው። ሌላው የፉኩኦካው «ማሩታይ»፣ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ የሚሸጥ፣ ቀጥ ብሎ ፓስታ የሚመስል ነው። ይህኛው ዘይት አይነካውም፤ በአየር ይደርቃል። የእኛ ድርቆሽ ማለት ነው። ኡማካቻን መረቁ ከአሳማ አጥንት የተሠራ ስለሆነ ቅመሙን ትቼ የሁለቱንም ኑድል ብቻ ለየብቻ ቀቀልኩ፤ ውሃቸውንም አቀዘቀዝኩ። የተጠበሰው ውሃ ላይ ነጭ ነገር ረጋ፤ በማሩታይ ውሃ ላይ ምንም አልነበረም። ኑድል እንዳይጣበቅ ሰም ግድ ቢሆን ኖሮ ማሩታይም ባስፈለገው ነበር።

ሦስት ደቂቃ የማይበቃውም አለ፦ «ዶንቤይ» የተባለው ኡዶን (ወፍራም የጃፓን ኑድል) አምስት ደቂቃ ይፈልጋል፤ ውሃው እስከ መሃሉ የሚሄድበት መንገድ ረጅም ነው። በአንድ ስም በተለያየ መረቅ ይሸጣል፤ ከእነዚህ ሁለቱ ክዳናቸው ላይ ምሥራቅ ወይም ምዕራብ የሚል ምልክት አላቸው። የምሥራቁ በደረቀ ዓሣና ጠቆር ባለ የአኩሪ አተር ስጎ የጠነከረ፣ የምዕራቡ የባሕር አረም የሚጎላበትና ፈካ ያለ ነው። እኔ የምዕራቡን እመርጣለሁ።

የሚያሰጋ ነገር ከፈለጋችሁ ጨው አለላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይመክራል፤ ብዙዎቹ የጃፓን ጥቅሎች ከነመረቃቸው ብቻቸውን 5 ግራም ገደማ ይይዛሉ። አብዛኛው ያለው መረቁ ውስጥ ነውና ኑድሉን ብሉ፣ መረቁን ግን አትጨርሱት።