ፊደል መቁጠርና መዝገብ መያዝ

ማንበብና መጻፍ የአንድ ግለሰብ ጌጥ ብቻ አይደለም። ሰዎች በማኅበር ተደራጅተው በጋራ በሚያስተዳድሩት ሀብት ላይ ማን እንደሚያዝ፣ ማንስ ታዛዥ ሆኖ እንደሚቀር የሚወስን ኃይል ጭምር ነው። የጎልማሶች ትምህርት ጉዳይ በተነሣ ቁጥር ስንት ሰው ተመዘገበ፣ ስንቱስ የምስክር ወረቀት ወሰደ የሚለው ጥያቄ ቀዳሚ ሆኖ ይቀርባል። እኛ ግን ሌላ ጥያቄ ቢቀድም እንመርጣለን፤ የማኅበሩን መዝገብ የሚይዘው ማን ነው? ሒሳቡ በስብሰባ ላይ ሲቀርብስ «ይህ ድምር ልክ አይደለም» ብሎ ለመከራከር የሚችለው ከመቶ አባላት ስንቱ ነው?

ጥያቄውን በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ ላይ አድርገን እንመርምረው። ይህንን አካባቢ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። የጣና ዳርቻ ፊደል ያልደረሰበት ምድር ሆኖ አያውቅም። በሐይቁ ደሴቶችና በዘጌ ገዳማት ውስጥ የብራና መጻሕፍት ለብዙ መቶ ዓመታት ሲጻፉ፣ ሲገለበጡና ሲጠበቁ ኖረዋል። የቄስ ትምህርት ቤት ከሀሁ ተነሥቶ በንባብ፣ በዳዊት፣ በዜማና በቅኔ ደረጃ በደረጃ የሚያሳልፍ የጠና ሥርዓት ነበረው፤ አሁንም አለው። ይሁን እንጂ ያ ትምህርት የተዘረጋው በዋነኛነት ለአምልኮ አገልግሎት ሲሆን፣ ተማሪዎቹም በአብዛኛው ወንዶች ልጆች ነበሩ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ በሥርዓታቸው ሴት የማይገባባቸው ገዳማት ናቸው። ስለዚህ መጽሐፉና አርሶ አደሩ፣ ይልቁንም መጽሐፉና የአርሶ አደሩ ሚስት፣ በአንድ ሐይቅ ዳር እየኖሩ ሳይተዋወቁ ብዙ ዘመን አለፈ።

ይህን ክፍተት በዐዋጅና በዘመቻ ለመዝጋት ተሞክሯል። በ1948 ዓ.ም. ከ18 እስከ 50 ዓመት ዕድሜ ያለው ፊደል ያልለየ ኢትዮጵያዊ ሁሉ በትርፍ ጊዜው እንዲማር የሚያሳስብ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ማስታወቂያ ወጣ። አስተማሪው፣ መጽሐፉና መማሪያ ቦታው ግን በሚበቃ መጠን አብረው አልወጡም። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተሰማሩ። ከሁሉም የሰፋው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። በአምስት ቋንቋዎች ተጀምሮ በኋላ በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል። የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትና የገበሬ ማኅበራት ዳስ ጣሉ፣ መዋጮ ሰበሰቡ፣ ተማሪውን ከየቤቱ ጠሩ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች አስተማሪ ሆኑ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1980 በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠው የዓለም አቀፍ የንባብ ማኅበር ሽልማት ለዚሁ ዘመቻ አስተባባሪ ኮሚቴ ተሰጠ። የሰፊው ሕዝብ ጉልበትና ገንዘብ የፈሰሰበትን ይህን ሥራ አቃልሎ ማየት አይገባም።

ባሕር ዳርም በዚህ ታሪክ ውስጥ የራስዋ ቦታ አላት። ከዘመቻው ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በ1965 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ከዩኔስኮና ከተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ጋር በመተባበር በከተማዋ የመምህራን አካዳሚ አቋቁሞ ነበር። ዓላማው ልጆችን የሚያስተምሩ መምህራንን ሥልጠና ማጠናከር ብቻ አልነበረም፤ የጎልማሶችን ትምህርትና የገጠር ልማትን አብሮ መምራት የሚችል ባለሙያ ማፍራትም ነበር። ተቋሙ በኋላ የመምህራን ኮሌጅ ሆነ፤ በ1992 ዓ.ም. ደግሞ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ከተቋቋመው ፖሊቴክኒክ ጋር ተዋህዶ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኗል። መምህሩን ከጥቁር ሰሌዳው አላቅቆ ወደ እርሻው፣ ወደ ጀልባ ማቆሚያውና ወደ ማኅበሩ ስብሰባ የመላክ ሐሳብ፣ እንግዲህ፣ በዚህች ከተማ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ዕድሜ አለው።

ታዲያ ውጤቱ ምን ሆነ? በአብዮቱ ዋዜማ ከመቶ ኢትዮጵያውያን 93 ያህሉ ማንበብ እንደማይችሉ ይነገር ነበር። በ1983 ዓ.ም. ገደማ የወጡ የመንግሥት ዘገባዎች ማንበብ የሚችለው ጎልማሳ ከ60 በመቶ በላይ ደርሷል አሉ። በ1987 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ሲካሄድ ግን ማንበብና መጻፍ እችላለሁ ያለው ሰው ከሩብ በታች ሆኖ ተገኘ። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት ሊያስደነግጥ ይችላል። አንዳንዶች ይህን ይዘው ዘመቻው ከጥንቱም የወረቀት ሥራ ነበር ይላሉ። እኛ እንዲህ ያለውን ችኩል ፍርድ አንቀበልም። ሁለቱ ቁጥሮች የለኩት አንድ ነገር አይደለም። የመጀመሪያው በአንድ ወቅት ያለፈውን ፈተና ይቆጥራል፤ ሁለተኛው ከዓመታት በኋላ በእጅ የቀረውን ይጠይቃል። በመካከሉ የጠፋው ፊደል ጠፍቶ የቀረው ሥራ ስላላገኘ ነው።

ይህ ነጥብ በሚገባ ሊብራራ ይገባል። በዘመቻው ጊዜ በሺህ የሚቆጠሩ የንባብ ክፍሎች ተከፍተዋል፣ ለአዲስ አንባቢያን የሚሆኑ መጻሕፍትም ታትመዋል። ነገር ግን የገጠሩ ጎልማሳ ከዳሱ ወጥቶ ወደ ኑሮው ሲመለስ፣ ያ ኑሮ ከእርሱ ንባብ አይጠይቅም ነበር። ዳኝነቱ በቃል፣ ውሉ በምስክር፣ ዕዳው በመሐላ፣ ማኅበሩ በሊቀ መንበሩ አፍ ይመራል። ጽሑፍ ሲያስፈልግ የሚጽፍ ሰው አለ፤ የቀረው የአውራ ጣቱን አሻራ ያኖራል። ማንበብ ማለት እንደ ዋና፣ ሰው በቃኝ ቢል እንኳ የማይለቅ ችሎታ ይመስለን ይሆናል። ለልጅነት አንባቢ እውነት ሊሆን ይችላል። በአርባ ዓመቱ ፊደል ለቆጠረና ለጥቂት ወራት ብቻ ለተማረ ሰው ግን ይልቁን እንደ ማሳ ነው፤ ሳይታረስ የከረመ ማሳ ዳዋ ይውጠዋል።

እዚህ ላይ አንድ አደገኛ አስተሳሰብ አብሮ መነቀል አለበት። ይኸውም የማያነብ ሰው አላዋቂ ነው የሚለው ነው። የጣናን ታንኳ ከደንገል አስሮ በውኃ ላይ የሚያቆመው የነገደ ወይጦ ሰው ይህን ጥበብ ከመጽሐፍ አላገኘውም። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1961 ዓ.ም. አትላንቲክ ውቅያኖስን በደንገል ጀልባ ለመሻገር በተነሣ ጊዜ ደንገሉን የወሰደው ከጣና ነበር፤ ሠሪዎቹን ያመጣው ግን ከቻድ ሐይቅ ነው። (ያ ጀልባ መንገዱን ሳይፈጽም ቀረ። የተሳካለት በማግሥቱ ዓመት፣ የቲቲካካ ሐይቅ ሰዎች በሠሩት ሁለተኛ ጀልባ ነው።) እንዲህ ያለ ሙያ ባለቤት የሆነው ማኅበረሰብ ለረጅም ዘመን በጎረቤቶቹ ተገልሎ፣ የእርሻ መሬት ሳይኖረው፣ ኋላም የከተማው መስፋፋት ዳርቻውን እያጠበበበት ኖሯል። እንዲህ ያለውን ሰው እንደ ባዶ እንስራ ቆጥሮ ፊደል ልሙላብህ የሚል አስተማሪ ተማሪውን በሁለተኛው ሳምንት ቢያጣው ሊደነቅ አይገባውም።

ዕውቀቱ አለ። የጎደለው ዕውቀቱን በገበያና በቢሮ ፊት የሚያስከብርለት መሣሪያ ነው። ለዚህም ዓሣ ማስገሩ ጥሩ ማስረጃ ይሆነናል። በጣና ላይ ለዘመናት የሠራው የታንኳ አስጋሪ የሚያመርተው ለቤቱና ለቅርብ ገበያው ነበር። በ1978 ዓ.ም. ገደማ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን፣ በግብርና ሚኒስቴርና በሁለት የሆላንድ ድርጅቶች አነሣሽነት የሞተር ጀልባና ረጅም የናይለን መረብ ወደ ሐይቁ ገባ፤ አስጋሪዎችም በማኅበር ተደራጁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራው ነዳጅ፣ መለዋወጫ፣ የመረብ ዋጋ፣ የአባልነት ድርሻና ብድር ያለበት ሆነ። የሚዛኑን መርፌ ማንበብ የማይችል አስጋሪ ሌሊቱን ሙሉ ከማዕበል ጋር ታግሎ ያወጣውን አምባዛ፣ ጠዋት በሁለት ደቂቃ ውስጥ ከግማሽ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ ሊነጠቅ ይችላል። ማኅበሩ የዓመት ትርፍ ሲያከፋፍልም የተነገረውን ከመቀበል በቀር ምርጫ የለውም። ብዝበዛ ሁልጊዜ በጅራፍ አይመጣም፤ አንዳንድ ጊዜ በእርሳስ ነው።

ከሐይቁ ወጣ ብለን ወደ እርሻው ብንመለከትም ነገሩ ያው ነው። በአማራ ክልል ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለገጠር ባለይዞታዎች የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሲሰጥ ቆይቷል። ደብተሩ በባልና ሚስት ስም የሚወጣ፣ የሁለቱም ፎቶግራፍ የሚለጠፍበት፣ የማሳው ስፋትና አዋሳኞቹ የሚጻፉበት ነው። ይህ ለገጠር ሴት ትልቅ እርምጃ መሆኑ አያጠራጥርም። ሆኖም በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሀገሪቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ወንዶች 69 በመቶው፣ ከሴቶች ግን 42 በመቶው ብቻ ማንበብ እንደሚችሉ አሳይቷል። እንግዲህ ፎቶግራፏ የተለጠፈበትን ደብተር በሣጥን ቆልፋ የምታኖር፣ ነገር ግን በምሥራቅ በኩል አዋሳኟ ማን ተብሎ እንደተጻፈ ለማወቅ የሌላ ሰው ዓይን የምትለምን እናት ጥቂት አይደለችም። ባሏ የሞተባት ወይም የፈታች እንደሆነ ዓይን የሚያውሳት ሰው ባለጋራዋ ሊሆን ይችላል።

ጎልማሳ የሚማረው ለነገ ጠዋት ሥራ የሚሆነውን ሲያይ መሆኑን የፎገራ ሜዳ አርሶ አደር አሳይቶናል። ሩዝ በዚያ አካባቢ በ1970ዎቹ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች አማካይነት ሲገባ እንግዳ ሰብል ነበር። ዛሬ ክረምት ውኃ የሚተኛበት ሜዳ ዋና ሀብት ሆኗል፤ ኤክስ ጅግና የተባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያው ከጅግና ቀበሌ ነው። አርሶ አደሩ ከጎረቤቱ ማሳ አየ፣ ሞከረ፣ አጣርቶ ያዘ። ማንም የምስክር ወረቀት አልሰጠውም።

የከተማው ሠራተኛ እንቅፋት ሌላ ነው። ከኢጣሊያ በተገኘ የጦር ካሣ በ1953 ዓ.ም. የተቋቋመው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ብዙ የገጠር ልጆችን ላብ አደር አድርጓል። ለእንዲህ ያለው ሠራተኛ የተዘጋጀው የማታ ትምህርት ነው። ነገር ግን ፈረቃው ይዞራል፤ የትምህርቱ ሰዓት አይዞርም። በዚህ ሳምንት የተማረ ሠራተኛ በሚቀጥለው ሳምንት በዚያው ሰዓት ማሽን ላይ ቆሟል። ይህ የፍላጎት ማነስ ተብሎ ሲተረጎም መስማት ያሳዝናል።

ከ2000 ዓ.ም. የጎልማሶች ትምህርት ስትራቴጂ ወዲህ የተዘረጋው የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት ንባብን ከግብርና፣ ከጤናና ከገቢ ማስገኛ ሥራ ጋር ለማያያዝ የታሰበ ስለሆነ በሐሳብ ደረጃ ትክክለኛውን መንገድ ይዟል። ጉድለቱ በአፈጻጸሙ ላይ ነው። አመቻቹ በአነስተኛ ክፍያ የሚሠራ ነው፤ የግብርናና የጤና ባለሙያዎች ደግሞ ሌላ ሥራ ተደራርቦባቸዋል። ሪፖርቱ አሁንም የሚጠይቀው የተመዝጋቢ ቁጥር ነው። ኩባ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1961 ከ700,000 በላይ ሰዎችን ፊደል ካስቆጠረች በኋላ ሠራተኛውንና ገበሬውን እስከ ስድስተኛ ክፍል የሚያደርስ ትምህርት አስከትላለች። እኛ ዘንድ የተከታዩ ደረጃ ወንበር በአብዛኛው ባዶ ነው።

ስለዚህ የቀበሌ ማኅበራት፣ ዕድሮችና የሠራተኛ ማኅበራት ከላይ የሚመጣ መመሪያ ሳይጠብቁ የሚያደርጉት ነገር አለ። ዕድር ያላቋረጠ የሕዝብ ድርጅት ነው፤ መዝገብ አለው፣ በየወሩ ይሰበሰባል፣ ገንዘብ ያንቀሳቅሳል። የመዝገቡ የወሩ ገጽ በትልቅ ወረቀት ተገልብጦ በመሰብሰቢያው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። እያንዳንዱ አባል በመጀመሪያ የራሱን ስም፣ ቀጥሎ የከፈለውን ብር፣ ከዚያም የጎረቤቱን ስም ፈልጎ ያግኝ። ከጸሐፊው ጎን በየሦስት ወሩ የሚለወጥ ረዳት ይቀመጥ፤ ከሁለቱ ረዳቶች አንዷ ሴት ትሁን። አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህን እንደማይወዱት እናውቃለን። መዝገብን ለብቻ መያዝ የለመደ እጅ በቀላሉ አይለቅም፤ «ይበላሻል፣ ይቆሽሻል» ይላል። ቢቆሽሽ ይቆሽሽ።

በፋብሪካው የሠራተኛ ማኅበሩ ትምህርቱን ከፈረቃው ጋር አብሮ የሚዞር ሊያደርገው ይችላል። በገጠር ቀበሌዎች ሰዎች የይዞታ ደብተራቸውን ይዘው ይምጡ፤ የመማሪያ መጽሐፉ እርሱ ነው፤ አዋሳኝ፣ ሄክታርና ቀን ከዚያው ይነበባሉ። ለአስጋሪዎቹ ደግሞ ክፍሉ ከሐይቁ ርቆ በትምህርት ቤት ግቢ መሆን የለበትም። ዓሣው በሚራገፍበት ቦታ፣ ነጋዴው ከመድረሱ በፊት፣ በማኅበሩ በራሱ ሚዛን ላይ ቢጀመር ይሻላል።