ከካሳው በኋላ

በዐቢይ ጾም ስድስተኛው እሑድ፥ ገብር ኄር በሚባለው ዕለት፥ በየአብያተ ክርስቲያናቱ ከሚነበበው የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ሰባክያን አብዝተው የሚያመሰግኑት አምስቱን መክሊት ዐሥር ያደረገውን አገልጋይ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን አንዲቱን ተቀብሎ የቀበራት ሀካይ አገልጋይ ነው፤ ይህ ሰው መክሊቷን አልሰረቀም፥ በዘፈንና በመጠጥም አላጠፋትም፤ ነገር ግን የመተሳሰቢያው ቀን በደረሰ ጊዜ የገዛ ሀኬቱን በጌታው ጨካኝነት አሳበበ።

እንዲህ ያለው ማሳበብ በእኛም ዘንድ እንግዳ አይደለም። ንግዱ የከሰረበት፥ ትምህርቱን ያቋረጠው፥ ትዳሩ የፈረሰበት ሁሉ «የአርባ ቀን ዕድሌ ነው» ካለ በኋላ ራሱን መጠየቁን ይተዋል፤ ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን ግን ሰው ነባቢትና ለባዊት ነፍስ የተሰጠችው፥ በነጻ ፈቃዱም የሚመርጥ ፍጡር መሆኑን ሲያስተምሩ ኖረዋል። ነጻ ፈቃድ ሲባል ታዲያ ሁሉ በእጃችን ነው ማለት አይደለም። በሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት የሚማር ሕፃን ብርሃነ ዐይኑን ማጣቱን አልመረጠም፤ ትምህርት ቤት መክፈትና መምህር መቅጠርም የእርሱ ፋንታ አይደለም፤ ወረቀቱን በብሬል ሰሌዳው መካከል አስገብቶ፥ በመውጊያው ከቀኝ ወደ ግራ ነጥብ በነጥብ ከጻፈ በኋላ፥ ገልብጦ ከግራ ወደ ቀኝ በጣቱ የማንበቡ ልምምድ ግን ማንም ሊሠራለት የማይችል የገዛ ራሱ ድርሻ ነው።

ነገሩ የሚከብደው ወደ መሬት ስንመጣ ነው። አዲስ አበባ ወደ ዳር እየሰፋች ስትሄድ፥ በጅማ መንገድ በሰበታ፥ በአምቦ መንገድ በቡራዩ፥ በጎጃም መንገድ በሱሉልታ፥ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት በእነዚህ ከተሞች ዙሪያ፥ ጤፍና ስንዴ ይበቅልበት የነበረው ማሳ የፋብሪካ፥ የአበባ እርሻና የመኖሪያ ቤት ቦታ ሆነ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ለዘለቄታው ከይዞታው ለሚነሣ ገበሬ፥ ከመነሣቱ በፊት በነበሩት 5 ዓመታት ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 ተባዝቶ በካሳ መልክ እንዲከፈለው ደነገገ፤ በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1161 ሲተካውም፥ በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት ከተገኘው ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ በ15 እንዲባዛ ሆነ። ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ ሲመግብ የኖረ መሬት በዐሥር ወይም በዐሥራ አምስት አዝመራ ዋጋ መለወጡን ፍትሕ ነው ለማለት አንደበቴ አይደፍርም።

ገበሬ እህል ማስተዳደር ያውቃል፤ ዘሩን ለይቶ፥ የክረምቱን ቀለብ መጥኖ፥ ጎተራውን እስከሚቀጥለው አጨዳ ያደርሳል፤ የባንክ ደብተር ግን ክረምትና በጋ የለውም። ስለዚህም ካሳው አልቆበት፥ በቀድሞ ማሳው ላይ በተሠራው ግቢ በር ዘበኛ ሆኖ የቆመውን ሰው፥ ገሣጩ አንድ ጥማድ እንኳ ያልተነጠቀ ሲሆን፥ «የድኽነትህ ምክንያት አንተው ነህ» ብሎ መገሠጽ ከግፍ የሚቆጠር ነው።

ነገር ግን ያው ሰው፥ በይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ላይ የሚስቱ ስም ከስሙ ጋር ተጽፎ ሳለ እርሷን ሳያማክር ገንዘቡን ለዘመድ አበድሮ ከሆነ፥ ወይም ጎረቤቱ ስለ ገዛ ብቻ ወጪና ገቢውን ሳይጠይቅ ባጃጅ ገዝቶ ከሆነ፥ ይህን በአዋጅ ማሳበብ አይችልም። የካሳው ማነስ በሕግ አውጪውና በአስፈጻሚው ሒሳብ ይጻፋል፤ ሚስትን አለማማከር በባል።

አንዳንድ መካሪዎች ለራስ ሕይወት ኃላፊ መሆንን ዝም ብሎ ከመሥራትና ከመታገሥ ጋር አንድ አድርገው ሲያስተምሩ እሰማለሁ፤ ይህ ትልቅ ስሕተት ይመስለኛል። መብትን መጠየቅም ከድርሻችን ይቆጠራል፤ የ2011ዱ አዋጅ በካሳው ቅር የተሰኘ ሰው የሚያመለክትበት አቤቱታ ሰሚ አካል፥ በዚያም ውሳኔ ያልረካ የሚቀርብበት ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ እንዲቋቋም፥ ከዚያም አልፎ ለፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት እንዲቻል ደንግጓል፤ የግምቱን ወረቀት ሳያስነብብ ፈርሞ በየጠላ ቤቱ የሚያማርር ሰው ግን፥ ምሬቱ እውነተኛ ቢሆንም እንኳ፥ ቀነ ገደቡ ያልፍበታል።