ኑዛዜው ይጸናል ወይስ አይጸናም?

በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ለማናዘዝ ክህነት ብቻውን አይበቃም፤ ካህኑ ከጳጳሱ ወይም ከቤተ ክርስቲያኒቱ ሕግ የሚያገኘው ሥልጣንም ያስፈልገዋል።

ሊቀ ጳጳስ ማርሴል ለፌቭር የመሠረቱት የቅዱስ ጲዮስ 10ኛ ማኅበር ካህናት ግን ያለዚህ ሥልጣን ለአሥርተ ዓመታት አናዘዙ። መከራከሪያቸው የዚሁ ሕግ ቀኖና 144 ነበር፦ ምእመናን በጋራ ስሕተት ካህኑ ሥልጣን አለው ብለው ካመኑ ወይም በቂ ምክንያት ያለው ጥርጣሬ ካለ፣ ጉድለቱን ቤተ ክርስቲያን ራሷ ትሞላለች። ተቺዎች ደግሞ፣ ማኅበሩ ከሮም ጋር መጣላቱን አውቆ የሚመጣ ተናዛዥ ምኑ ላይ ተሳሳተ ይላሉ። ጥያቄው ከባድ ነው፤ የጭንቀቱ ሸክም ግን ያረፈው በሕግ አዋቂዎቹ ላይ ሳይሆን ንስሐ ሊገባ በተንበረከከው ሰው ላይ ነበር።

በመጨረሻም ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ እ.ኤ.አ. በ2015 ለታወጀው የምሕረት ዓመት ሥልጣኑን ለማኅበሩ ካህናት ሰጡ፤ በ2016 አራዘሙት።