ጆሮው በድንገት ለደነቆረበት ሰው

ማታ ደኅና ሆኖ የተኛ ሰው ጧት ሲነሣ አንድ ጆሮው አልሰማ ቢለው፥ አስቀድሞ የሚያስበው ኩክ ሞልቶት እንደሆነ ነው። ዘይት ጠብ ያደርግበታል፤ በክብሪት እንጨት ይቆረቁረዋል፤ ካልተሻለውም ሐኪም ዘንድ መሄዱን ለሚመጣው የይፋግ ገበያ ቀን ይቀጥረዋል። እኛም ይህን የምንጽፈው በዚህ ዐይነት የሚባክኑት ቀኖች ተመልሰው ስለማይገኙ ነው።

በኩክ የተደፈነ ጆሮ ሲጸዳ ይከፈታል። በውስጠኛው ጆሮ ላይ የሚደርሰው ድንቁርና ግን በሦስት ቀን ውስጥ የሚከሠት፥ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የማይታወቅ ሕመም ነው። ሁለቱን ለመጠርጠር የሚረዳ ቀላል ዘዴ አለ። ሕመምተኛው አፉን ዘግቶ «እም» እያለ ያንጎራጉር። ድምፁ በታመመው ጆሮ ጎልቶ ቢሰማው ኩክ ወይም ፈሳሽ ይሆናል፤ በደኅናው ጆሮ ቢጎላበት ግን ውስጠኛው ጆሮ ሳይታመም አልቀረምና በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ቁርጡን የሚያስታውቀው የመስማት ምርመራ ስለሆነ፥ በጎንደርና በባሕር ዳር መካከል ያለው የይፋግ ሰው ወደ አንዱ ሆስፒታል እንዲላክ ይጠይቅ።

ለዚህ ሕመም የሚታዘዘው ስቴሮይድ የሚባለው መድኃኒት ነው። ቢቻል በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ በክኒን ይሰጣል። ነገር ግን ክኒኑ በመላው ሰውነት ስለሚሠራጭ የስኳር ሕመም ላለበት ሰው ያሰጋል። ስለዚህ ሐኪሞች መድኃኒቱን ወደ ጆሮው በመርፌ የሚያስገቡበትን መንገድ አገኙ።

መርፌው ሲነገር ያስፈራል፤ ሥራው ግን አጭር ነው። ሕመምተኛው የታመመው ጆሮ ወደ ላይ ሆኖ ይተኛል። ሐኪሙ ታምቡሩን አደንዝዞ በቀጭን መርፌ ከአንድ ሚሊ ሊትር ያነሰ ዴክሳሜታዞን ወይም ሜቲልፕሬድኒሶሎን ከታምቡሩ በስተጀርባ ያፈሳል። ከዚያ 20 ወይም 30 ደቂቃ ያህል ሳይናገርና ምራቁን ሳይውጥ ይቆያል፤ በሚውጥበት ጊዜ መድኃኒቱ ወደ ጉሮሮ ይወርዳልና። መድኃኒቱም ክብ መስኮት በሚባለው ስስ ሽፋን በኩል ሰርጎ፥ እንደ ቀንድ አውጣ ወደ ተጠመዘዘው የመስሚያ ክፍል ይገባል።

በ2011 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣ፥ በ250 ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ጥናት ክኒን የዋጡትንና በሁለት ሳምንት ውስጥ አራት ጊዜ በጆሮ የተወጉትን አወዳድሮ፥ ከሁለት ወር በኋላ ውጤታቸው ተቀራራቢ ሆኖ አገኘው። ክኒን ላልረዳውም ሰው መርፌው ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ሊሞከር ይችላል። ሆኖም ለሁሉም ይመልሳል አንልም፤ ያለ መድኃኒት የሚድን አለ፥ ታክሞም የማይድን አለ። በእርጅና ቀስ በቀስ ለደከመ ጆሮም አይደለም።

ከተወጋ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ራስ ሊዞር ይችላል፤ አልፎ አልፎም የታምቡሩ ቀዳዳ ሳይደፈን ይቀራል። ስለዚህ ሐኪሙ ታምቡሩ መዳኑን አይቶ እስኪፈቅድ ድረስ ጆሮው ውሃ አይንካው። በርብ ወንዝ አይዋኝ፤ ጠበል የሚጠመቅም ቫዝሊን የተቀባ ጥጥ በጆሮው ደፍኖ ይጠመቅ።