ቀዩ የዶሮ ቅንቅንና የጓሮ ዶሮ ቤት በንፋስ መውጫ

በንፋስ መውጫና በዙሪያዋ ባለው የላይ ጋይንት አገር ዶሮ የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። በሬውና በጉ የአባወራው ሲሆኑ ዶሮ ግን የእመቤቲቱ ናት፤ የእንቁላሉም ገንዘብ ለጨው፣ ለበርበሬና ለልጅ ደብተር ይውላል። ስለዚህ ዶሮ እንቁላል ነሣች ማለት የሴቲቱ መቀነት ባዶ ሆነ ማለት ነው። እኔም ራሴ የመጀመሪያዎቹን ደብተሮቼን ያገኘሁት ከዚያው መቀነት ነው።

የዶሮ በሽታ ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚፈራው ፈንግልን ነው። ፈንግል በጥቂት ቀን ውስጥ የመንደሩን ዶሮ ሁሉ ይጨርሳልና መፈራቱ ትክክል ነው። በዚህ ጽሑፍ ልገልጸው ያሰብሁት ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም በዝግታ ስለሚጎዳ ማንም የማይጠረጥረው ቀዩ ቅንቅን ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ለዕረፍት ወደ ቤት በሄድሁ ጊዜ እናቴ በጓሮዋ ባለችው የዶሮ ቤት 12 እንቁላል ያስታቀፈቻት ዶሮ በ14ኛው ቀን ጥላ ተነሣች። በራሷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ነጥቶ፣ ክብደቷም ቀንሶ ነበር። እናቴ «የሰው ዐይን ነው» አለች፤ ጎረቤታችን እትዬ ደግሞ «የለም፣ እንቁላሉ ገምቶባት ነው» አሉ። ዶሮዋ ታርዳ ሌላ ከገበያ ተገዛችና በዚያው ጎጆ፣ በዚያው ጭድ ላይ 11 እንቁላል ታቀፈች፤ እርሷም በ9ኛው ቀን ተወችው። የቀሩት ዶሮዎች ሲመሽ ከቤታቸው መግባት እንቢ ብለው ባሕር ዛፍ ላይ ማደር ጀመሩ፤ ከእነርሱም ሁለቱን ሸለምጥማጥ በላቸው። እኛም የተቈጣነው በሸለምጥማጡ ነበር።

ቀን ቀን ዶሮዎቹን ላባቸውን እየገለጥሁ ብፈትሽ አንዳች አላገኘሁም። በመጨረሻ አንድ ሌሊት አራት ሰዓት ሲሆን የእጅ ባትሪ ይዤ ገባሁ፤ አሮጌ ነጭ ነጠላም በቆጡ እንጨት ላይ ጥቂት አሻሸሁበት። ነጠላው በደም ነጠብጣብ ተዥጐረጐረ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ በሽልማት ያገኘኋት ትንሽ ማጉያ መነጽር ነበረችኝ (ከዚያ በፊት ለቁም ነገር የተጠቀምሁባት አይመስለኝም)፤ በእርሷ ባይ ስምንት እግር ያለው፣ ደም የጠጣ፣ የሚርመሰመስ ፍጥረት ታየኝ።

ሊቃውንት ይህን ተባይ ደርማኒሰስ ጋሊኔ ይሉታል፤ መጀመሪያ ገልጾ የጻፈውም ስዊድናዊው ቻርልስ ደ ጌር በ1778 እ.ኤ.አ. ነው። በእኛ ዘንድ ቅንቅን የሚለው ስም ለብዙ ዓይነት ጥቃቅን ተባይ ይሰጣል፤ ስሕተቱም ከዚሁ ይጀምራል። የዶሮ ቅማል ሌሊትም ቀንም ከላባዋ ሥር አይለይም፤ ቀዩ ቅንቅን ግን የመዥገርና የሸረሪት ወገን ሆኖ ኑሮው በዶሮዋ ላይ ሳይሆን በቤቷ ነው። ርዝመቱ ከአንድ ሚሊሜትር አይበልጥም፤ ሲርበው ግራጫ፣ ሲጠግብ ቀይ ነው። ቀን በቆጡ ስንጥቅ፣ በልጡ ሥር፣ በግድግዳው ፍንክት፣ በደረቀው ኩስ ውስጥ ተሸሽጎ ይውላል፤ ሲጨልም ወጥቶ በዶሮዋ ላይ ይወጣና ጠጥቶ ወደ ዋሻው ይመለሳል። ያለ እረፍት የምትሰቃየው ታቃፊዋ ናት፤ 21 ቀን ከአንድ ቦታ አትነሣምና ጎጆዋ ውስጥ የገባው ቅንቅን ቀንም ቢሆን አይምራትም። እናቴ ሁለቱን ዶሮዎች ሰነፎች ናቸው ብላ መውቀሷ ስለዚህ ፍትሕ አልነበረም።

ሴቲቱ ቅንቅን ደም በጠጣች ቁጥር ከ4 እስከ 8 እንቁላል ትጥላለች። በሞቃት አየር ከእንቁላል እስከ ሙሉ አካል የሚወስደው ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ብቻ ነው። ንፋስ መውጫ ግን ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ከጉና ተራራ በሚመጣ ነፋስ የምትቀዘቅዝ ከተማ ናት፤ ስለዚህ «ደጋ ነን፣ ተባይ አይበዛብንም» የሚል ብዙ ነው። ነገሩ ግማሹ እውነት ነው። ብርዱ የቅንቅኑን መራባት ያዘገያል፤ ነገር ግን ይኸው ብርድ ዕድሜውን ያረዝምለታል። በቀዝቃዛ ቦታ ያለ አንዳች ደም 8 ወርና ከዚያም በላይ ሊቆይ መቻሉ ተረጋግጧል። እንግዲህ አስቡት፤ ለፋሲካ ዶሮዎቹ ይታረዳሉ፣ ይሸጣሉ፤ በጓሮ ያለው የዶሮ ቤት ባዶውን ይከርማል፤ ለእንቁጣጣሽ ቄብ ተገዝታ ትገባለች። በመካከሉ ያለው ጊዜ አምስት ወር ቢሆን ነው። ቤቱ ባዶ ስለ ከረመ ንጹሕ ነው የምንለው እኛ ነን እንጂ ቅንቅኑስ በስንጥቁ ውስጥ ሆኖ ቄቧን ይጠብቃታል። ሲርበውም አንዳንድ ጊዜ ሰው ወዳለበት ይወጣና ይነክሳል፤ ሰውም በማግሥቱ ትኋኑን ይረግማል።

ከዚህ የተነሣ ዶሮዋን ብቻ አመድ መንስነስ፣ ወይም እንደ እኛ ዶሮዋን መለወጥ፣ በሽታውን አይነካውም። መታከም ያለበት ቤቱ ነው።

በእኛ ዶሮ ቤት ያደረግነው እንዲህ ነው። የቆጡን እንጨቶች ሁሉ አውጥተን ልጣቸውን ላጥን፤ ልጥ ያለው የባሕር ዛፍ እንጨት ለቅንቅን ከሁሉ የተመቸ መደበቂያ ነውና። ከዚያም የፈላ ውሃ እየደጋገምን አፈሰስንባቸው። ቅንቅኑ ከ45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ያለውን ሙቀት ስለማይችል ለዚህ ሥራ ከጀበናና ከድስት ውሃ የተሻለ መድኃኒት አያስፈልግም። ጭዱንና ኩሱን ጠርገን ከቤት ርቀን አቃጠልነው። የግድግዳውን ስንጥቅ በጭቃና በእበት መረግነው። ቆጡንም ስንመልሰው ከግድግዳው ጋር እንዳይነካካ በራሱ እግሮች አቆምነው፤ እያንዳንዱንም እግር ያረጀ የመኪና ዘይት ባለበት ጣሳ ውስጥ አስገባነው፤ ከግድግዳ የሚመጣው ቅንቅን እንዳይሻገር። እናቴ ጣሳዎቹን አይታ «ዶሮ ጫማ ስታደርግ ዛሬ አየሁ» ብላ ሳቀች።

የመጀመሪያው ማጽዳት ብቻውን አይበቃም። ያመለጠው እንቁላል ስለሚፈለፈል ሥራው በሳምንቱ፣ እንደገናም በሁለተኛው ሳምንት መደገም አለበት። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ጠባቂ ያስፈልጋል፤ እኛ የካርቶን ቁራጭ ጠቅልለን ከቆጡ ሥር እናስራለን። ቅንቅኑ ሲነጋ በካርቶኑ ቀዳዳዎች ይሸሸጋል፤ በየጊዜው ፈትቶ መመልከት፣ ካለበትም በፈላ ውሃ ውስጥ መጣል ነው።

አመድ አያቶቻችን ያወቁት ነገር ነው፤ እኔም አልንቀውም። የደቀቀ ደረቅ ዱቄት የተባዩን ገላ ያደርቃል። ነገር ግን በክረምት ጭጋግ የረጠበ አመድ ጭቃ ነው፤ ስለዚህ ነፍቶ፣ ከዝናብ ጠብቆ፣ ዶሮዎቹ በሚንከባለሉበት ጉድጓድ ማኖርና መለወጥ ይገባል።

ለእህል ወይም ለከብት መዥገር የተገዛውን መርዝ በዶሮ ቤት የሚረጩ ሰዎች አይቻለሁ። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። በ2009 ዓ.ም. (በ2017 እ.ኤ.አ.) በሆላንድና በቤልጂግ የዶሮ ቤቶችን ከዚሁ ከቀዩ ቅንቅን ለማጽዳት በተረጨ ፈሳሽ ውስጥ ፊፕሮኒል የተባለ፣ ለምግብ በሚውሉ እንስሳት ላይ የተከለከለ መርዝ ተገኝቶ በሚሊዮን የሚቆጠር እንቁላል ከገበያ ተሰብስቧል። እዚያ የሚመረምር ነበር፤ በእኛ ጓሮ ግን እንቁላሉን የሚመረምረው የሚበላው ልጅ ነው። ከዚህም በቀር ቅንቅኑ ብዙዎቹን መርዞች መልመዱ በብዙ አገር ታይቷል።

ባለፈው ዓመት እናቴ በዚያው ቤት፣ በአዲስ ጭድ 12 እንቁላል አስታቀፈች። ዶሮዋ 21 ቀኗን ጨርሳ 9 ጫጩት ፈለፈለች፤ ሁለቱን ጭልፊት ወሰደብን። እትዬ ግን እስከ ዛሬ «እንቁላሉ ገምቶ ነበር» ከማለት አልተመለሱም፤ የራሳቸውን ቆጥ ግን ባለፈው ጥቅምት በፈላ ውሃ አጥበውታል።