መጋዙ «ተጠንቀቅ» ሲባል አይሰማም

የዛሬው ጽሑፌ ስለ እንጨት መጋዝ ነው። ሕግ የተማረ ሰው ስለ መጋዝ ምን አገባው የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ነገሩ ግን ወዲህ ነው። ውሏቸው ቢሮ የሆነ በርካታ ወዳጆቼ ቅዳሜና እሑድ በግቢያቸው ጥግ የመጻሕፍት መደርደሪያ፣ የጫማ ሳጥንና የልጆች አልጋ መሥራት ጀምረዋል። እኔም ከእነርሱ አንዱ ነኝ። የቤት ዕቃ ዋጋ የት እንደደረሰ ለሚያውቅ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከዚያም በላይ፣ ሳምንቱን ሙሉ ወረቀት ሲያገላብጥ የሰነበተ ሰው በእጁ የሠራውን ነገር ቆሞ ሲያየው ልዩ ደስታ ይሰማዋል። በእጅ መጋዝና በመዶሻ የተጀመረው ሥራ ግን ብዙም ሳይቆይ የኤሌክትሪክ ማሽን ያስመኛል። መጀመሪያ ከሚታሰቡት አንዱ ደግሞ ክብ ምላጩ ከጠረጴዛው መሐል ብቅ ብሎ የሚሽከረከረው የጠረጴዛ መጋዝ ነው።

ይህ ማሽን ጣት በመብላት የታወቀ ነው። የአሜሪካ የፍጆታ ዕቃዎች ደኅንነት ኮሚሽን ባወጣው ግምት፣ በዚያች አገር በዓመት ከ30 ሺሕ በላይ ሰዎች በምላጩ ተጎድተው ወደ ድንገተኛ ሕክምና ይወሰዳሉ፤ በቀን 10 ያህል ሰዎች ደግሞ አካላቸው ይቆረጣል። የእኛን አገር ሁኔታ ለመረዳት የእንጨት ሥራ ሰፈር ወርዶ ከአናጺዎች ጋር መጨባበጥ ይበቃል።

እንዲህ ያለ አደጋ ሲነሣ የሁላችንም የመጀመሪያ አስተያየት «አልተጠነቀቀም» የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ከዚህች ቃል ጋር ነው።

ቁጥሩን እንመልከት። 25 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ምላጭ በደቂቃ 4,000 ጊዜ ሲዞር የጥርሶቹ ፍጥነት በሰዓት ወደ 190 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ሰው ደንግጦ እጁን ለመሰብሰብ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ጊዜ ቢፈጅበት፣ በዚያች ቅጽበት የምላጩ ጥርስ ከ10 ሜትር በላይ ተጉዟል። ስለዚህ እጁ ምላጩን ከነካ በኋላ የሚመጣ ጥንቃቄ ምንም አይጠቅምም።

ከመንካቱ በፊት የነበረው ጥንቃቄስ? እዚህ ላይ የአደጋውን አመጣጥ ማወቅ ያስፈልጋል። በፊት ለፊታችን ያሉት የምላጩ ጥርሶች ወደ ታች እየቆረጡ ይወርዳሉ፤ በስተኋላ ያሉት ደግሞ ወደ ላይ ይነሡና በምላጩ አናት ላይ ወደ እኛ ይመጣሉ። የተሰነጠቀው ጣውላ ሁለት ወገን ተመልሶ ገጥሞ ምላጩን ከቆነጠጠው፣ ወይም ጣውላው ጠመም ብሎ የኋላውን ጥርስ ከነካ፣ ማሽኑ ጣውላውን አንሥቶ ወደ ሠራተኛው ይወረውረዋል። ደረትና ሆድ የሚመታው ይህ ነው። ጣውላውን ሲገፋ የነበረው እጅም በድንገት የሚደገፍበትን አጥቶ ወደ ምላጩ ይሄዳል። ሰውየው ዓይኑን ከሥራው ሳይነቅል ይህ ሁሉ ሊደርስበት ይችላል። በደንብ ያልደረቀ የባሕር ዛፍ ጣውላ በውስጡ ውጥረት ስላለው ሲሰነጠቅ ይጣመማል፤ ምላጩንም ለመቆንጠጥ የተመቸ ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከምላጩ በስተኋላ፣ በምላጩ ልክ የቆመች ቀጭን ላሜራ የተሰነጠቀውን ጣውላ እንዳይገጥም ለያይታ ትይዛለች። ከላይ ደግሞ ምላጩን የሚሸፍን ከለላ አለ። በፋብሪካ የተሠራ ማሽን ሁለቱንም ይዞ ይመጣል። ከአንግል ብረት ተበይዶ ሞተር የተገጠመለት የአገር ውስጥ መጋዝ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንዱም የለውም። ይዞ የመጣውም ቢሆን ከለላው ተፈትቶ ጥግ ላይ ተጥሎ ይገኛል። አንድ ወጣት አናጺ ለምን እንደፈታው ስጠይቀው፣ «ጋሼ፣ እሱ ሥራ ያስፈታል፤ ዋናው ጥንቃቄ ነው» አለኝ።

ይህ ክርክር በሌላም አገር ፍርድ ቤት ደርሷል። ስቲቭ ጋስ የተባለ፣ በፊዚክስም የተመረቀ አሜሪካዊ የፓተንት ጠበቃ እ.ኤ.አ. በ1999 የሰው ገላ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ መሆኑን መነሻ አድርጎ አንድ መላ ፈጠረ። ምላጩ ላይ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ምልክት ይላካል፤ ገላ ሲነካው ምልክቱ ይለወጣል፤ ወዲያው የአሉሚኒየም ፍሬን ጥርሶቹ ውስጥ ይሰነቀርና ምላጩን በ5 ሺሕኛ ሰከንድ ገደማ ያቆመዋል። ጋስ መጀመሪያ በቋሊማ፣ በኋላም በራሱ ጣት ሞክሮ አሳየ። ታላላቆቹ አምራቾች ፈቃዱን ሳይገዙ ሲቀሩ ከባልደረቦቹ ጋር ሶውስቶፕ የተባለ ኩባንያ አቋቁሞ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ መጋዙን ራሱ መሸጥ ጀመረ።

እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ በቦስተን የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ በሪዮቢ መጋዝ እጁ የተጎዳ አንድ የወለል ሥራ ሠራተኛ የ1.5 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ተፈረደለት። የክሱ ፍሬ ነገር አምራቹ እንዲህ ያለ መከላከያ መኖሩን እያወቀ አልገጠመም የሚል ነበር። ዳኞቹ ሠራተኛው የራሱም ጥፋት እንዳለበት ቢቀበሉም አምራቹን ነፃ አላወጡትም። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ2011 ፍርዱን አጸናው። በአጭሩ፣ «አልተጠነቀቀም» የሚለው መልስ አምራቹን ሊያድነው አልቻለም።

በእኛስ ሕግ? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2085 አምራቹ ለሕዝብ የሸጠው ዕቃ በተለመደው አጠቃቀም ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። የዚያው አንቀጽ ንዑስ ቁጥር 2 ግን ጉድለቱ በተለመደው ምርመራ ሊታወቅ የሚችል ከሆነ ኃላፊነት የለም ይላል። ከለላ የሌለው ምላጭ ለማንም የሚታይ ጉድለት ስለሆነ፣ መጋዙን በይዶ የሸጠልንን ሰው መክሰሱ ብዙ አያዋጣም።

ብዙዎቻችን የማናውቀው ደግሞ አንቀጽ 2081ን ነው። የማሽን ባለቤት፣ ማሽኑ ለሚያደርሰው ጉዳት፣ እንዲጠቀምበት ያልተፈቀደለት ሰው ቢያንቀሳቅሰውም እንኳ ኃላፊ ነው። የጎረቤት ልጅ ግቢያችሁ ገብቶ ማብሪያውን ቢጫን «እኔ አላዘዝኩትም» ማለት ብቻውን መከላከያ አይሆንም። ሠራተኛ ቀጥሮ የሚያሠራ ድርጅትም በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 96 መሠረት ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ተጠያቂ ነው። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል እንዲሉ፣ ሕጉ የሚመለከተው የማሽኑን አያያዝ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ ማሽኑ በእርግጥ ያስፈልገን እንደሆነ እንጠይቅ። ቺፕውድና ኮምፔንሳቶ በልክ ቆርጠው የሚሰጡ ቤቶች አሉ፤ ልኩን ጽፎ ሄዶ ማስቆረጥና ቤት አምጥቶ መግጠም ለአብዛኛው የቤት ሥራ ይበቃል።

ማሽኑን ልግዛ ላለ ግን ለያይዋ ላሜራና ከለላው የሌሉትን መጋዝ አይግዛ፤ በብየዳ የሚያሠራም ከሆነ ሁለቱን አብሮ ያዝዝ። ጣውላው ምንጊዜም ቀጥ ያለውን ማስደገፊያ ተጠግቶ ይሂድ እንጂ በእጅ ግምት አይገፋ። በምላጩና በማስደገፊያው መካከል ያለው ስፋት ከ15 ሴንቲ ሜትር ካነሰ በእጅ ሳይሆን በመግፊያ እንጨት ይገፋ። ምላጩ ከጣውላው ውፍረት ጥቂት ብቻ ከፍ ይበል። ቆራጩ ከምላጩ ትይዩ ሳይሆን ወደ ጎን ይቁም። ከግንባታ የተረፈ ሞራሌ ከሆነ ሚስማሩ አስቀድሞ ይነቀል። ጓንት፣ የተንዘረፈፈ እጅጌና ከረባት ምላጩ ጎትቶ እጅን ስለሚያስገባ ይውለቁ። መነጽርና የአፍንጫ መሸፈኛ ግን ይደረጉ፤ የእንጨት ብናኝ በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም ካንሰር አምጪ ተብሎ የተመዘገበ ነው።

ለእኛ አገር ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በሥራ መሐል መብራት ሲሄድ ማሽኑ ይቆማል፤ ማብሪያው ግን እንደበራ ይቀራል። ሰው ጣውላውን ሊያነሣ ወይም ሰጋቱራውን ሊጠርግ እጁን ባስገባበት ቅጽበት መብራት ቢመጣ ምላጩ በራሱ ይነሣል። መብራት ከጠፋ በኋላ ተመልሶ ሲመጣ እንደገና ካልተጫኑት በስተቀር ማሽኑን የማያስነሣ ማብሪያ አለ፤ የኤሌክትሪክ ባለሙያ እንዲገጥመው ማድረግ ነው። እስከዚያው መብራት ሲሄድም ሆነ ምላጭ ሲቀየር ሶኬቱ ይነቀል። ሥራ ሲያበቃም ክፍሉ ይቆለፍ።

ይህ ሁሉ ታልፎ አደጋ ቢደርስ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ጠበቅ አድርጎ ተጭኖ እጅን ከፍ ማድረግ፣ የተቆረጠውን ጣት በረጠበ ንጹሕ ፋሻ ጠቅልሎ በፕላስቲክ ከረጢት ማሰርና ከረጢቱን በረዶ ላይ አስቀምጦ ሳይዘገዩ ሆስፒታል መድረስ ነው። ጣቱ በረዶውን በቀጥታ አይንካ።

በሙያዬ ብዙ የካሣ ክርክር አይቻለሁ። የተፈረደለት ሰው ገንዘቡን የሚቀበለው በቀረችው እጁ ነው። ከለላውን ዛሬ መልሶ መግጠም ግን ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው።

ቸር እንሰንብት።