የዓይን ነርቭን የሚጫኑ የደም ሥሮች

ምስልን ወደ አንጎል የሚያደርሰው የዓይን ነርቭ 1 ሚሊዮን ያህል ቃጫዎችን የያዘ ሲሆን፣ የራስ ቅል ውስጥ ሲገባ አንጎልን በሚመግብ ትልቅ የደም ሥር ጎን ስለሚያልፍ፣ የደም ሥሩ ግድግዳ ሳስቶ እንደ ፊኛ ሲነፋ፣ ወይም ሰፍቶና ረዝሞ ሲጣመም፣ ነርቩን ተጭኖ ቃጫዎቹን ያመነምናል። ዓይኑ ከውጭ ጤናማ መስሎ ሳለ ቀለማት ይደበዝዛሉ፣ የሚታየው አካባቢም ይጠባል። በአማራ ክልል በስፋት የሚታወቁት ትራኮማና የዓይን ሞራ ግርዶሽ ብዙ ጊዜ በዓይን ላይ ምልክት ስለሚያሳዩ፣ ይህ ስውር ሕመም በቀላሉ ይዘነጋል። ስለዚህ በወንዛዬ ፍል ውሃ ፈውስ የሚሻም ሆነ ሌላ የደቡብ ጎንደር ነዋሪ፣ እይታው ያለ ግልጽ ምክንያት ከቀነሰ፣ ሳይዘገይ በደብረ ታቦር ወይም በጎንደር ሆስፒታል ሊመረመር ይገባዋል፤ በኤምአርአይ የምስል ምርመራ የተረጋገጠ የደም ሥር እብጠት በቀዶ ሕክምና ሊዘጋ ስለሚችል፣ የጠፋው እይታ ሁልጊዜ ባይመለስም፣ የቀረውን ለማትረፍና የአንጎል ደም መፍሰስን ለመከላከል ዕድል አለ።